«ስኩል» ማለት ዕረፍት ነበር!

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት «ስኩል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከየት እንደመጣ ነው።

ቃሉን ስንጽፍ መሃሉ ላይ የማትነበብ «ኤች» አለች። በዲክቴሽን ብዙ ተማሪ የሚረሳው እሷን ነው። ለምን እንደገባች ቲቸርን ስጠይቃቸው አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አውጥተው አሳዩኝ።

መነሻው ግሪክኛ ነው። የጥንት ግሪኮች «ስኮሌ» ሲሉ ዕረፍት፣ ማለትም ከሥራ ነፃ የሆነ ጊዜ ማለታቸው ነበር። አዎ፣ ዕረፍት! በዚያ ነፃ ጊዜ እየተሰበሰቡ ስለሚወያዩና ስለሚማሩ ቃሉ ቀስ በቀስ የመማሪያ ቦታ ስም ሆነ። ሮማውያን ወደ ላቲን ወስደው «ስኮላ» አሉት። ከላቲን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በድሮው እንግሊዝኛ «ኤች» አልነበረችም፤ በኋላ ነው የላቲኑን አጻጻፍ ተከትለው የጨመሯት። ስለዚህ ድምፅ ባይኖራትም የቃሉን አገር ትናገራለች።

ቃሉ ዘመድ ብዙ ነው። ፈረንሳዮች «ኤኮል»፣ ጀርመኖች «ሹለ»፣ ጣሊያኖች «ስኩዎላ» ይላሉ። አያቴም ዘመናዊ ትምህርት ቤትን «አስኳላ» ነው የሚሉት። ለካ እሱም የዚሁ ቤተሰብ ነው! የዓሣ መንጋም በእንግሊዝኛ «ስኩል» ይባላል፤ እሱ ግን ከደች የመጣ ሌላ ቃል ነው። ስማቸው እንጂ ዘራቸው አይገናኝም።

ይህንን ቤት ስናገር ሁሉም ሳቁ። «ትምህርት ዕረፍት ከሆነ ሥራ ምን ሊባል ነው?» አሉኝ። ታላቅ እህቴ ብቻ አልሳቀችም። «እውነታቸውን ነው፤ ጊዜ የሌለው ሰው መቼ ይማራል?» አለች።

እህቴ ከ5ኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች። ማታ እኔ ዕቃ ላጥብ ስል «ተው፣ አንተ አጥና» ትለኛለች። እኔ የማጠናበት ሰዓት ከእሷ የመጣ መሆኑን ያን ቀን በደንብ ገባኝ። ግሪኮቹ ነፃ ጊዜ ያሉት ነገር ለእኔ ሲሰጥ ከእሷ ላይ ተቀንሶ ነው።

አሁን የማታ ትምህርት እንድትመዘገብ እየለመንኳት ነው። ዕቃውን እኔ አጥባለሁ፣ ቡኮውንም አቦካለሁ ብያታለሁ። «አንተ ደግሞ ቡኮ!» ብላ ሳቀች እንጂ እስካሁን እሺ አላለችም። እኔም መለመኔን አልተውኩም።

ውድ ጓደኞቼ፣ እናንተስ የምትማሩበትን ጊዜ የሚሰጣችሁ ማን ነው? ዛሬ ቤት ስትገቡ አስቡበት።