መኪናው የት ያድራል?

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ ሲወርዱ ከፊትዎ ተሳቢ፣ ከኋላዎ ጥሩምባውን የሚያንባርቅ ሲኖትራክ አለ። መሃል ላይ ሚኒባሱ ተሳፋሪ አይቶ ያለ ምልክት ይቆማል። ልጆቹ ከኋላ «ደረስን?» ይላሉ። ለሽርሽር የሚመከር መንገድ አይደለም። የቤተሰብ መኪና ሊገዙ አስበው በሁለት መካከል ልብዎ ከተከፈለ ግን ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አዲስ አበባ ውስጥ አላውቅም። የሽያጭ አዳራሽ ወለል ላይ ሁሉም መኪና ያምራል፤ አቃቂ ቃሊቲ ላይ ጠባዩን ያወጣል።

ቦታው ከመንገደኛ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል ነው። ባቡሩ ሲደክም ከባድ መኪናው ተተካ፤ ከወደብ የሚመጣው ዕቃ ዛሬም በዚሁ አቅጣጫ ይገባል፣ ብዙ አዲስ መኪናም ታርጋ ከመለጠፉ በፊት ቃሊቲ ጉምሩክን ደጅ ይጠናል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ወዲህ የቀላል ባቡሩ የደቡብ መጨረሻ ቃሊቲ ነው። ከዚያ ወዲያ፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ለሚኖር ቤተሰብ፣ መኪና ቅንጦት መሆኑ የቀረው ሐዲዱ እዚያ ስለሚያበቃ ነው።

ጥያቄው ግን ተቀይሯል። ድሮ «ራቭ ፎር ይሻላል ወይስ ቪታራ?» ይባል ነበር። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ ካስታወቀ ወዲህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያወዳድረው ባለ ባትሪዎቹን ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የመኪና ዋጋ ከሳምንት ሳምንት የማይጨበጥ ሆነ። ስለዚህ እዚህ ዋጋ አልጽፍልዎትም፤ መጽሔቱ እጅዎ እስኪገባ ያረጃል። ሁለት መኪና ብቻ እናንሳ፦ የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስና የቮልስዋገን አይዲ 4።

ዩዋን ፕላስ ወደ ውጭ ሲላክ «አቶ 3» ይባላል፤ እኛ ሀገር ሲደርስ ማዕረግ ያገኘ ይመስላል። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ሞተሩ ከፊት ነው፣ ትልቁ ባትሪው 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። አይዲ 4 ከዚያ በጥቂቱ ይረዝማል፤ ቻይና ውስጥ የተሠራው ባለ ትልቅ ባትሪ 84.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ይደርሳል፣ ክብደቱም ከሁለት ቶን ያልፋል። የተለመደው አይዲ 4 ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚገፋውም የኋላ እግሩ ነው። አባትዎ ቮልስ ነድተው ከሆነ ይንገሯቸው፤ ይስቃሉ።

አሁን ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ አቃቂ ድልድይ ይንዱ። ሬዲዮውን ይዝጉ። ኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ የሞተር ድምፅ ስለሌለ የመንገዱን ክፋት ሁሉ በጆሮዎ ይሰሙታል፤ የሚንኳኳ ነገር ካለም ያኔ ይታወቃል። ዋናው አስፋልት ላይ ሁለቱም ደህና ናቸው። ፈተናው ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ነው። የአቃቂ ሜዳ ጥቁር መሬት ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ በላዩ የተሠራውንም መንገድ አብሮ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ኮብልስቶኑ የሚዋዥቀው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ነዋሪው በራሱ ሲሚንቶ የሚሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፣ ቁመቱን የሚወስነው የሠራው ሰው ንዴት ነው።

የሁለቱም መኪና ባትሪ ወለሉ ሥር ተዘርግቷል። ሆዱ ሲላጥ የሚነካው እንደ ድሮው የጭስ ማውጫ ቱቦ ሳይሆን ከመኪናው ሁሉ ውዱ ዕቃ ነው፤ ከለላ ቢኖረውም ደጋግሞ ይመታ ማለት አይደለም። ዩዋን ፕላስ ባዶውን ሲሆን ከመሬት 17.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይነሳል፤ ወገቡም አጠር ያለ ስለሆነ ጉብታን በቀላሉ ይሻገራል። አይዲ 4 በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይበልጣል፣ ክብደቱም ተጨምሮ ረጅም ጉብታ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህንን ለብቻዎ ሆነው አይፈትኑ። አምስት ሰው ጭነው ይሞክሩ፤ መኪናው የሚወርደው ያኔ ነው።

በነገራችን ላይ የአቃቂ ወንዝ ክረምት ላይ ከአልጋው ሲወጣ የሚያደርገውን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ባትሪው ውሃ እንዳያስገባ ታሽጓል፣ ይህ እውነት ነው። ሻጩ «ባሕርም ይሻገራል» ቢልዎት ግን ከእሱ ጋር አይሻገሩ።

አምስት ሰው ካልኩ አማትዎን ይጋብዟቸው፤ ቀልዴን አይደለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው የኋላ በር ከፍተው ገብተው ሲወጡ ካላዩ ስለ ቤተሰብ መኪና ምንም አላዩም። አይዲ 4 ከኋላ እግር የሚዘረጋበት ቦታ ይበልጣል፣ የዕቃ ማስቀመጫውም ከ500 ሊትር በላይ ሲሆን የዩዋን ፕላስ 440 ነው። የልጅ ጋሪና የሳምንት አስቤዛ አንድ ላይ የሚያስገቡ ከሆነ ልዩነቱ ይሰማዎታል። ልጆች ግን ዩዋን ፕላስን ይመርጣሉ፤ በሩ ላይ ያለው ኪስ እንደ ክራር በተወጠሩ ክሮች ነው የተሠራው፣ ሲነኩት ድምፅ ያወጣል። አምስት ደቂቃ ያስደስታል፣ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ራስ ያሳምማል። የአይዲ 4 ሾፌር የራሱ ቅሬታ አለው፦ በሩ ላይ የመስኮት ቁልፉ ሁለት ብቻ ነው፣ የኋላውን መስኮት ለመክፈት መጀመሪያ ሌላ ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል። ማን ይህን እንዳሰበው አይገባኝም።

ከአቃቂ ቱሉ ዲምቱ ሲደርሱ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ይጠብቅዎታል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው ይህ መንገድ እስከ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ አይዲ 4 ጌታ ነው። ክብደቱ ሰፈር ውስጥ ያስቸገረውን ያህል እዚህ ያረጋጋዋል፣ ከጎንዎ ተሳቢ ሲያልፍ አይወዛወዝም። ዩዋን ፕላስ ለስለስ ያለ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሆድ መገለባበጥ ካለበት ይናገራል።

አንድ ሻጭ የማያነሳልዎት ነገር አለ። አዳማ ከአቃቂ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ሲሄዱ ቁልቁለቱ ያግዝዎታል፣ ፍሬን ሲነኩም መኪናው ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ስለዚህ አዳማ ሲደርሱ የሚያዩት ቁጥር ያስደስታል፣ ያታልላልም። ሲመለሱ ያንኑ ከፍታ መውጣት አለ፤ ሰው የሞላበት መኪና ለዚህ ብቻ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ይበላል፣ ይህም 15 ኪሎ ሜትር ከምናምን የሚያስኬድ ነው። የፋብሪካው ወረቀት ላይ ያለው ርቀትም በመቶ ሃያ ፍጥነት የተለካ አይደለም። ደርሶ መልሱን 35 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ አድርገው ቢያስቡት ሁለቱም አዳማን ያለ ሐሳብ ይመላለሳሉ። ሐዋሳ ሌላ ነው። ወደ 275 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ዩዋን ፕላስ ይደርሰዋል፣ ግን መጨረሻ ላይ ዓይንዎ ከቁጥሩ አይነሳም። አይዲ 4 ላይ ልብዎ አርፎ ይደርሳሉ።

ይህን ያህል ካየን በኋላ የመጣንበትን ጥያቄ ላንሳ። መኪናው የት ያድራል?

ለነዳጅ መኪና ይህ የሌባ ጥያቄ ነበር፤ ጥበቃ አለ ወይ፣ አጥር አለ ወይ። ለኤሌክትሪክ መኪና የማደሪያው ጉዳይ የማደያው ጉዳይም ነው። ግቢ ያለው ቤት ከሆነ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው፣ የኧርዝ ሽቦው መኖሩን አረጋግጠው፣ ለብቻው ብሬከር ያለው መስመር ያስዘረጋሉ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆነስ? ቆጣሪው ታች ነው፣ መኪና ማቆሚያው የጋራ ነው፣ ከመስኮት የሚወርድ ኤክስቴንሽን ደግሞ ለጎረቤት ልጅም ለራስዎም አደጋ ነው። ሰው በሚሊዮኖች ብር ተበድሮ መኪናውን ካስገባ በኋላ ነው ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር መነጋገር የሚጀምረው። መቅደም የነበረበት እሱ ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ነው ብንል መኪናው በቀን 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። በተራ ሶኬት፣ በ10 አምፒር፣ ይህን ለመመለስ አራት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ሁለቱንም መኪና! ትልቁ ባትሪ ለዕለት ሥራ ምንም አይጨምርልዎትም። ባዶ ሊሆን ሲል ለመሙላት ግን ልዩነቱ ይመጣል፤ ከ20 እስከ 80 በመቶ ለማድረስ በዚያው ሶኬት ዩዋን ፕላስ ከ16 ሰዓት በላይ፣ አይዲ 4 ደግሞ 23 ሰዓት ይወስዳሉ። ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ቢያስገጥሙ ወደ 5 እና 7 ሰዓት ይወርዳል። ሌላም አለ። የዩዋን ፕላስ ባትሪ በብረትና ፎስፌት የተሠራ ስለሆነ እስከ መቶ ቢሞላ አይጎዳውም፤ የአይዲ 4 ባትሪ ግን ለዘወትር 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ይመከራል። በየቀኑ የሚጠቀሙበትን ካሰቡ እንግዲህ በወረቀት ላይ የሰፋው ልዩነት ብዙ ይጠባል።

ለጨዋታ ያህል፣ ከአቃቂ በታች ያለው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር የሰካ 940 መኪና ብቻውን ይጨርሰዋል። ጥቂት የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ማለት ነው።

ሊፈርሙ ሲሉ ደግሞ ሻንሲ ቁጥሩን ያንብቡ። ቻይና የተሠራ ከሆነ በ«ኤል» ፊደል ይጀምራል። አይዲ 4 እዚያ የሚሠራው በሁለት ድርጅቶች ነው፣ አንዱ «ክሮዝ» ሌላው «ኤክስ» ይባላል፤ ፓራውልታቸውና መብራታቸው ስለማይገጥም መለዋወጫ ሲያዙ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብዎት። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ቻርጅ መቀበያው ጂቢቲ የሚባለው ነው፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2። የሚያልፉበት ቻርጅ ማድረጊያ የትኛውን እንደሚቀበል ይጠይቁ። የስክሪኑ ቋንቋ ቻይንኛ ብቻ ከሆነ «ይቀየራል» ሲባል እዚያው ፊትዎ ይቀይሩት። ዋስትናውን ማን እንደሚሰጥ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየትኛው ጋራዥ እንደሚፈጸም በጽሑፍ ይቀበሉ። የኋላውን ከፍተውም ትርፍ ጎማ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አያገኙም። ብረት በሚራገፍበት በቃሊቲ መንገድ ላይ የሰፈርዎ ጎሚስታ ስልክ ከባለ ብዙ ተናጋሪ ሙዚቃው ይበልጣል።

እኔ ብሆን? ዘመድ ጥየቃ በየወሩ ሐዋሳ የምወርድ፣ የራሴ ግቢ ያለኝ፣ አማቴም አብረውኝ የሚኖሩ ቢሆን አይዲ 4ን እወስዳለሁ። ከኮንዶሚኒየም ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ትምህርት ቤት ከሆነ ኑሮዬ ግን ዩዋን ፕላስን ይዤ ክሩን ለልጆቹ እተዋለሁ።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ማታ፣ ሁሉም ሰው መኪናውን ካስገባ በኋላ፣ ሜትር ይዘው ግቢዎ ይውረዱ። ከቆጣሪው እስከ ነፃው ማቆሚያ ይለኩ። ያገኙትን ቁጥር ይጻፉና በነጋታው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያሳዩት። ሻጩ ጋ መደወል ከዚያ በኋላ ነው።