የዳቬንፖርት ወጌሾች

ከዴንቨር ስንነሳ ቀኝ ዳሌዬን ጠቅ ያደርገኝ ነበር። በማግስቱ ነብራስካን አቋርጠን አዮዋ ስንገባ ካልሲ ማጥለቅ እንኳ አቃተኝ። ሕመሙ ከወገቤ ዝቅ፣ ከመቀመጫዬ ከፍ ብሎ በአንድ ጣት የሚጠቆም ቦታ ላይ ነው።

«አይዞህ፣ ዋልኮት እንድረስ እንጂ ወጌሻ አለ» አለኝ ትራኩን የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ።

እውነቱን ነበር። ዋልኮት ላይ በኢንተርስቴት 80 ዳር ያለው ሰፊው የአዮዋ 80 ማረፊያ ከነዳጁና ከምግቡ ሌላ ፀጉር አስተካካይ፣ የጥርስ ሐኪም፣ አከርካሪና መጋጠሚያ በእጅ የሚያክም ካይሮፕራክተርም አለው። የሹፌር ወገብ ምን እንደሚያይ የገባው ሰው ያሰበው ነገር ነው። ጋሼ ግን «እዚህ ድረስ መጥተህማ ምንጩ ጋ ሂድ» ብሎ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ወደሚርቀው ዳቬንፖርት ወሰደኝ።

ገና ሳያት ወደድኳት። ወደ ደቡብ የሚወርደው ሚሲሲፒ እዚህ ሲደርስ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ይፈሳል። ከወንዙ ዳር ሽቅብ በብሬዲ ጎዳና ሲወጡ ደግሞ የካይሮፕራክተሮች መማሪያው የፓልመር ኮሌጅ አለ። ዲ ዲ ፓልመር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 1895 ሃርቪ ሊላርድ የተባለ ጆሮው የደከመ የጽዳት ሠራተኛ አከርካሪ ላይ እጁን ያሳረፈው በዚህ ከተማ ነው። በእኛ መስከረም 8 ቀን 1888 መሆኑ ነው፤ የአድዋ ክተት የታወጀበት ሰሞን። እ.ኤ.አ. በ1897 ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1906 ያለ ፈቃድ አክመሃል ተብሎ ታሰረ። የሊላርድ ጆሮ ተከፈተ የሚለውንና በሽታ ሁሉ ከአከርካሪ ይመጣል የሚለውን አልቀበልም። ለወገብ ሕመም ግን የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መካከል ይህንኑ የእጅ ሕክምና አስገብቶታል።

እዚያ ያከመችኝ ዶክተር ከመንካቷ በፊት ብዙ ጠየቀችኝ፦ ሽንት ያስቸግርሃል? ጭንህ መሀል ይደነዝዝሃል? እግርህ ይከዳሃል? ትኩሳት አለህ? ያለ ምክንያት ከስተሃል? አንዱን አዎ ብላት ኖሮ እጇን ሳታሳርፍ ሆስፒታል ትልከኝ ነበር።

ከዚያ በጀርባዬ አስተኛችኝና ጉልበቴን አጥፋ ጭኔን ወደ አልጋው ገፋችው። አመመኝ። ጉልበቴን ወደ ጎን ለቀቀችው፤ እዚያው አመመኝ። በጎኔ አዙራ ዳሌዬን ከላይ ተጫነችው፤ አሁንም እዚያው። የፕላስቲክ አጽም አንስታ አሳየችኝ። ሳክረም የሚባለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት አምስት አከርካሪዎች ተዋሕደው የሠሩት ነው፤ በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች መሀል እንደ ሽብልቅ ተሰክቷል። የላይኛው ሰውነታችን ክብደት በሙሉ በግራና በቀኝ ባሉት በእነዚያ ሁለት መጋጠሚያዎች አልፎ ነው ወደ እግር የሚወርደው። በጅማት ጥፍር ተደርገው ስለታሰሩ እንቅስቃሴያቸው ሁለት ሦስት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ቢደረደር ያህል ነው። እርጉዝ ሴት ዳሌዬን የምትለውም ጅማቶቹ ለወሊድ ሲላሉ ነው።

ያን ታህል እንቅስቃሴ በቆዳና በሥጋ ላይ እንዴት ይዳሰሳል? አውራ ጣቷን መጋጠሚያው ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ቁርጭምጭሚቴን ወለም ሲለኝ አያቴ የወሰዱኝ ወጌሻ ጣታቸውን ቅቤ ነክረው፣ ልክ እንዲህ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምንም ሳይናገሩ እግሬን ሲዳስሱ ቆይተው ነበር። ያንን ዝምታ ሁለተኛ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ደስታው ጉሮሮዬን ያዘው።

በግራ ጎኔ አዞረችኝ፣ የላይኛውን ጉልበቴን አጠፈች፣ «ተንፍስ» አለችኝ። በትንፋሼ መጨረሻ ላይ አጭርና ፈጣን ግፊት፤ ቋ! አጥንት ቦታው ሲገባ መሰለኝ። አይደለም አለችኝ፤ በመጋጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ጋዝ አረፋ ሲሠራ ነው።

ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ቢበዛ በግማሽ ቀንሷል። በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፌ ዳሌዬን ከፍ ዝቅ እንዳደርግ፣ ጋሼም በየሁለት ሰዓቱ እንዲያቆምልኝ አዘዘች።

ወንዙ ዳር ትራኩን አቁሞ ይጠብቀኝ ነበር። የደረጃውን ብረት ያዝኩና ሳላስበው በቀኝ እግሬ ወጣሁ።