ቤቱ የኛ፣ ቧንቧው የጋራ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቧንቧችን ደረቀ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይሄ ዜና አይደለም፤ ፈረቃ ነው ብለን ዝም አልን። በማግስቱም ደረቅ። በሦስተኛው ቀን ግን ከስር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ሲታጠብ ሰማን። ወርደን ጥበቃውን ብንጠይቀው ዓይናችንን ሳያይ፣ «የናንተ ብቻ ነው የተዘጋው። ኮሚቴው ነው» አለን።

እስቲ ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። አባዬ ለዕጣ የተመዘገበው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ልጆቹ ገና ፊደል እየቆጠርን። ዕጣው የወጣልን በ2007 ነው። መሀል ላይ ያሉትን አሥር ዓመታት በሰው ግቢ ኖርናቸው። ተከራይ የነበረ ያውቀዋል፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም፣ እንግዳ አይበዛም፣ መብራት አይመሽም፣ ልብስ በሳምንት አንድ ቀን ነው። እማዬ ያን ጊዜ አንድ ምኞት ነበራት። «የራሴ ቤት ልግባ እንጂ ማንም አያዘኝም!» ትል ነበር። ገባች። በገባን ሳምንት ቡና በምሽት ወቀጠች፣ ማንንም ሳትፈራ። ከስር ያሉት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ደበደቡት። ማዘዝ የተጀመረው ያኔ ነው።

ከዚያ ማህበሩ ተቋቋመ። ደረጃው ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ በርበሬ ኮሪደር ላይ ማስጣት ክልክል፣ ከሰል በረንዳ ላይ ማያያዝ ክልክል፣ በግ ከማረጃው ውጪ ማረድ ክልክል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ትክክል ነው፤ የሰው ደም በደረጃ የሚወርድበት ፋሲካ አይተናል (የበግ ማለታችን ነው)። ችግሩ መዋጮው ላይ መጣ። ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለአጥር በር፣ ደግሞ ውሃ ወደ ላይኛው ፎቅ ለሚገፋ ፓምፕ። ፓምፑ ተገዛ ተባለ። ድምፁን ግን ሰምተነው አናውቅም። እማዬ «ደረሰኝ ሳላይ አንድ ብር አልጨምርም» ብላ ሦስት ወር አቆመች። ማህተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። ቀጥሎ ቧንቧው ተዘጋ።

ስምንት ቀን በጄሪካን ኖርን። አባዬ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሁለት ጄሪካን ይዞ በየፎቁ ቆሞ እየተነፈሰ አራተኛ ሲደርስ ከንፈሩ ይነጣል። እኛ ሥራ ውለን ስንገባ ስለምንቀዳ አትቅዳ ብንለውም አይሰማም። ያፍራል። አሥር ዓመት ጠብቆ ያገኘው ቤት ነዋ።

በዚህ መሀል እማዬ ወደኛ ዞረች፤ «ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ምን ልትሠሩበት ነው?» አዋጁን ፈልገን አነበብን። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይባላል። ነገሩን በራሳችን አማርኛ ስንናገረው እንዲህ ነው፤ ከበሩ ወደ ውስጥ የኛ፣ ደረጃውና ጣሪያው፣ ኮሪደሩና ግቢው የሁላችንም። ቤቱን የሸጠ የጋራ ድርሻውንም አብሮ ሸጠ፤ መነጠል የለም። ማህበሩ ደግሞ እንደ እድር አይደለም። ከእድር ከከፋህ ትወጣለህ፤ ቀባሪ ብታጣ እንጂ ቤትህ አይነካም። እዚህ ግን የቤት ባለቤት እስከሆንክ ድረስ አባል ነህ። የመዝጊያው ቁልፍ የኛ ነው፤ ወደ ማድቤታችን የሚመጣው ውሃ ግን በሁሉም ሰው ንብረት አቋርጦ ነው የሚደርሰን። ይሄን እስከዚያ ሳምንት አስበነው አናውቅም። የማህበሩን መተዳደሪያ ደንብም ከዳር እስከ ዳር አየነው። ያልከፈለ ይቀጣል ይላል። ውሃው ይዘጋበታል የሚል ግን የለም።

ቨርጂኒያ ላለችው አክስታችን ደውለን ስናማርር ሳቀችብን። እሷም ያለችው በማህበር ሥር ነው። ለአያታችን ተዝካር መጥታ ሦስት ሳምንት ስትቆይ የግቢዋ ሣር አድጎ፣ ስትመለስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቃት። እዚያ አገር በብዙዎቹ ግዛቶች ማህበሩ ያልተከፈለውን መዋጮ በቤቱ ላይ ዕዳ አድርጎ እስከ ማሸጥ ሊሄድ ይችላል። የቨርጂኒያ ሕግ አባል የማህበሩን መዝገብ የማየት መብት ይሰጠዋል፤ ግን ያለበትን ለከፈለ አባል ነው። «ከፍላችሁ ጠይቁ። ሳትከፍሉ ብትጠይቁ ስለ ዕዳችሁ እንጂ ስለ ፓምፑ ማንም አያወራም» አለችን። እማዬ ምርር ብሏት ከፈለች። ውሃው በሰዓቱ መጣ።

ስብሰባው እሁድ ነበር፣ ማረጃው ሕንፃ ውስጥ። አባላቱ ከመቶ በላይ ነን፤ የመጣው አሥራ ዘጠኝ ሰው። ከነሱም ግማሹ ተከራይ፣ «አከራዬ ልከውኝ ነው» የሚል። ተከራይ አባል ስላልሆነ ድምፅ የለውም። የሦስተኛ ፎቋ ተከራይ፣ «ውሃ ሲጠፋ እኮ የሚጠፋው እኔ ላይ ነው» አለች። እውነቷን ነው። መልስ የሰጣት ግን አልነበረም።

እማዬ ተነሥታ ደረሰኝ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ጡረተኛ ናቸው፣ የአባዬ እኩያ። ከፌስታል ውስጥ ደረሰኞቹን አወጡ፤ አንድም ሳይጎድል! ፓምፑ ተገዝቷል፣ መስመር ለማስገባት ገንዘብ አልቆ መጋዘን ተቀምጧል። ሰውዬው ሌባ አልነበሩም። ሌባ ቢሆኑ ይቀለን ነበር፣ ተጣልተን እናርፍ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዘጉብኝ?» አለች እማዬ።

«እትዬ፣ ሌላ ምን በእጄ አለ? ፍርድ ቤት ልሂድ? በማን ገንዘብ? ፍሳሹ ሲሞላ ሌሊት የሚደወለው ለኔ ነው፤ ስብሰባ ስጠራ ግን ማንም የለም።»

«አንድ ቀን ጄሪካን ይዘው አራተኛ ፎቅ ይውጡና ያኔ እንነጋገራለን።»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ቀጥሎ ማህተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና የሚረከባቸው ጠየቁ። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። እኛም አየን። አንድ ሰው ከኋላ «እዚያ ቤት የተማሩ ልጆች አሉ» አለ። በመጨረሻ እሳቸው በልመና ቀጠሉ፤ ጸሐፊነቱ በአባዬ ውክልና ወደኛ መጣ።

ያስወሰንነው ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ደረጃው ላይ እንዲለጠፍ። ውሃ መዝጋት ይቅር የሚለውን ሐሳብ ለማጽደቅ የመጣው ሰው አልበቃም፤ ለቀጣዩ ስብሰባ ተላለፈ።

እስከዚያው ሊቀመንበሩ የመጀመሪያውን ሥራ ሰጡን። ያ የሦስተኛ ፎቅ ቤት አምስት ወር አልከፈለም። ባለቤቷ ዱባይ ናት፣ ስልክ አታነሣም፤ ያቺ ልብስ ስታጥብ የሰማናት ተከራይ ደግሞ ኪራዩን በሰዓቱ ነው የምትከፍለው። ደብዳቤው እስካሁን አልተጻፈም። የውሃው መዝጊያ መፍቻና ማህተሙ አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ሳጥኑም እኛ ቤት ነው፣ ከጄሪካኖቹ ጎን።