በሳምንት ሦስት ሰዓት

ሐሙስ ማታ ልምምድ ጨርሰን ልጆቹን ወላጆቻቸው ከወሰዷቸው በኋላ፣ እኔና ዋናው አሰልጣኝ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ማክሰኞ ሰዓት ተኩል፣ ሐሙስ ሰዓት ተኩል፤ ያለን ይኸው ነው። በዚህች ሦስት ሰዓት ምን ይቅደም?

እዚህ በሜልበርን ምዕራብ የምትኖሩ ፉቲን ታውቁታላችሁ። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው፤ ከየቡድኑ 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሷን በእግር ትመታለህ ወይም በቡጢ ገጭተህ ለጓደኛህ ታቀብላለህ፤ ይዘህ ከሮጥክ በየ15 ሜትሩ መሬት ታስነካለህ። አራት ቋሚዎች አሉ። በመሐለኞቹ ሁለቱ መካከል ከመታህ 6 ነጥብ፣ ከዳርኞቹ በኩል ካለፈች 1 ነጥብ ብቻ።

የክርክራችን ሥር ይቺ 6 እና 1 ናት።

ዋናው አሰልጣኝ ሩጫ ይቅደም ይላል። ልጆቹ በአራተኛው ሩብ እንደሚዝሉ እኔም አይቻለሁ። ግን ለምን ይዝላሉ? ጎል ሊሆን የሚገባውን 1 ነጥብ አድርገው ኳሷን ለባላጋራ ያስረክቧታል፤ ከዚያ መልሰው ለመንጠቅ ሜዳውን ሙሉ ይሮጣሉ። ይህን ድካም ዙር በመሮጥ አናስወግደውም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2008ቱን የኤኤፍኤል (የፉቲ ዋናው ሊግ) ፍጻሜ አነሳሁለት። ጂሎንግ በመደበኛው ውድድር ከ22 ጨዋታ አንድ ብቻ ተሸንፎ ነበር የመጣው። በዚያ ቀን 11 ጎልና 23 ነጠላ ነጥብ አስቆጥሮ 89 ላይ ቀረ። ሃውቶርን በ18 ጎልና በ7 ነጠላ ነጥብ 115 አድርጎ ዋንጫውን ወሰደ። ከ23ቱ ብዙዎቹን ሃውቶርኖች ራሳቸው ሆን ብለው በገዛ መስመራቸው ያሳለፏቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ የጠበቀውም ለዚሁ ነው። ያም ሆኖ የተሳቱት ምቶች ጥቂት አልነበሩም።

አንድ የ13 ዓመት ልጅ አለን፤ እግሩ ብርቱ ነው። ከ25 ሜትር፣ ፊት ለፊት፣ ማንም ሳይነካው ይመታና ይስታል። ሁለት ሳምንት እግሩን ስመለከት ቆይቼ ችግሩ እጁ ላይ መሆኑ ኋላ ገባኝ። ኳሷን ከደረቱ ከፍታ ይለቃታል፤ እግሩ ላይ እስክትደርስ አየር ላይ ትዞራለች፣ ጫፏም ወደ ጎን ይዞራል። እኛ ያደግንበት ክብ ኳስ በየትም በኩል ቢወድቅ ያው ነው፤ ይቺ ግን ትንሽ ካዘነበለች አበቃላት። አሥር ደቂቃ ሙሉ አንዴም እንዳይመታ ከለከልኩት። በአንድ እጁ ዝቅ አድርጎ በጫፏ መሬት ላይ ይለቃታል፤ ቀጥ ብላ ወደ እጁ ከተመለሰች ደህና፣ ወደ ጎን ከሸሸች እንደገና። ከዚያ ሲመታ ከአምስቱ አራቱ ገቡ። ፊቱን ብታዩት!

ከዚህ የሚቀድም አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ታክል። ከእግር ኳስ የመጡ ልጆቻችን ተይዘው መውደቅን አያውቁም። ከትከሻ በታች ከጉልበት በላይ መያዝን፣ ጭንቅላትን ከመንገድ ማራቅን፣ አወዳደቅን በየልምምዱ ልናስተምራቸው ግድ ነው። በማኅበረሰብ ክለቦች ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) የደረሰበት ተጫዋች ወደ ጨዋታ የሚመለሰው ቢያንስ ከ21 ቀን በኋላ ነው። ለአንድ ወላጅ ደግሞ 21 ቀን ብዙ ጭንቀት ነው።

ሩጫውን በኳስ ልምምዱ ውስጥ ልናስገባው ተስማማን። ከማክሰኞ ጀምሮ መጀመሪያ ታክል፣ ወዲያው ጎል መምታት። እስከ አሁን ጎሉን መጨረሻ ላይ እያደረግን ሲመሽብን ስንተወው ነበር።

ወላጆች፣ ልምምድ የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር 11፡30 ነው። ልጆቹ ሲዘገዩ የሚያመልጣቸው ይኸው ታክልና ጎል መምታት ነውና እባካችሁ በሰዓቱ አድርሷቸው።