ሉህ የያዘ እጅ

ዓርብ ከጁምዓ መልስ የክበባችን ልጆች ክፍል ውስጥ ተሰብስበዋል። ጠረጴዛው ላይ አራት ብሩሽ፣ እንደ ሳሙና የደረቀ ጥቁር ቀለም፣ ቀለሙ የሚታሽበት ድንጋይና አሮጌ ጋዜጣ አለ። ዕቃውን ለአረፋ ሲመጣ የሰጠኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአስተርጓሚነት ይሠራል። ፓርኩን የገነቡት ቻይናዎች ናቸው፤ በ2009 ነው የተመረቀው። ከዚያ ወዲህ ከሚሴ ውስጥ ቻይንኛ ሲባል ልጆቹ የሚያስቡት ደመወዝ ነው። አልፈርድባቸውም።

ቻይናዎች ብሩሽን፣ ቀለምን፣ ወረቀትንና ድንጋዩን የጽሕፈት ክፍል አራቱ ሀብቶች ይሏቸዋል። ቀለሙ የጥድ ወይም የዘይት ጥላሸት ነው፤ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ሙጫ ተለውሶ ይደርቃል። ውሃ ጠብ እያደረጉ ድንጋዩ ላይ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። ይህን እያስረዳሁ ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ይሄማ የኛው ነው!» አለ።

ልጁ የ10ኛ ክፍል ነው። ጠዋት ያረፍዳል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ፈተና ላይ ከመጨረሻዎቹ ነው። «ከምጣድ ሥር ጥላሸት ፍቀን በግራር ሙጫ አሽተን ሉህ ላይ እንጽፍበታለን» አለ። አንዷ ደግሞ «አያቴም ለብራና እንደዚሁ ነው የሚሠሩት» አለች።

መለማመጃው «ዮንግ» የሚባል ፊደል ነው፤ ዘላለም ማለት ነው። ስምንቱን መሠረታዊ ጭረቶች ስለያዘ ጀማሪ በሱ ይለማመዳል። ሁላችንም ጋዜጣውን አጨማለቅነው፤ እኔንም ጨምሮ። እሱ ግን ክንዱን ከጠረጴዛው አንስቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ሳበው። መጀመሪያ ከቀኝ ጀምሮ ነበር፤ ተሳቀ። ሁለተኛው ላይ ማንም አልሳቀም።

«ማን አስተማረህ?»

«ቁርአን ቤት። ስድስት ዓመት ቀርቻለሁ።» ዝም አለና «አሁን ትቻለሁ» አለ።

ያስተወው ማን መሰላችሁ? እኔ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት አባቱን ጠርቼ «ይሄ ልጅ ሌሊት እየተነሳ ነው የሚደክመው፣ ቁርአን ቤቱን ይተውና ቲቶሪያል ይግባ» ብያለሁ። ውጤቱ አልተሻሻለም። እንቅልፉም አልቀረም።

ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ። (በነገራችን ላይ ሲኒ የምንለው ዕቃ ስሙ ከአረብኛ ነው የመጣው፤ የቻይና ማለት ነው።) አባቱን ይቅርታ ጠየቅኩ። «እርሶ ስላሉ እኮ ነው ያስቀረሁት፤ ያስተማሩት ሸኽ ግን እስካሁን ያኮርፉኛል» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ለልጁ የቻይና ሙስሊሞች በብሩሽ የሚጽፉትን አረብኛ በስልኬ አሳየሁት። ሲኒ ነው የሚባለው እሱም። አሰፋው፣ አጠበበው፣ ስልኬን አልመልስ አለ። መጪው ዓርብ ሉሁን ይዞ ይመጣል።

ኮምቦልቻ ያለኸው፣ ይህን ካነበብክ፦ ብሩሹ አልበቃንም። የወፍራሙ ፀጉር እየረገፈ ነው።