በጣና ዳር ውኃ መድፈር

ባሕር ዳርን እንደ ሰው ነው የምወዳት። ዘንባባዎቿ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ጣና በየመንገዱ ጫፍ ብቅ እያለ፣ ማለዳ ዓሣ አጥማጁ በደንገል ታንኳው ሲቀዝፍ ሳይ እግሬ ከዳርቻው አልነሣ ይለኛል። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ዓባይም ከዚሁ ወጥቶ ይነጉዳል። የዚህች ከተማ ነገሯ ሁሉ ውኃ ነው።

ውኃ የምትፈራ ሴት ያገኘሁትም እዚሁ ነው።

ዳር ላይ የዘጌ ቡና የምታፈላ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ወጣት ናት። ለደንበኛው ሁሉ ውኃ ታቀርባለች፤ ራሷ ግን አትቀምስም። ፀሐዩ ሲበረታ «አንቺስ አትጠጪም?» አልኳት።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እቴ። ገና መድፈሬ ነው» አለች። ከዚያ በሁለተኛው ስኒና በሦስተኛው መካከል፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ የደረሰባትን አጫወተችኝ።

ፊስቱላ ነበረባት። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የፊኛን ግድግዳ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም ያጣው ሥጋ ሞቶ ይበሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሽንት ቀንና ሌሊት ይፈስሳል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 ሆስፒታል የከፈቱት ይህን ለመጠገን ነው፤ ባሕር ዳርም ከ2005 ጀምሮ የራሷ የሃምሊን ፊስቱላ ማዕከል አላት። ልጅቱም የዳነችው በቀዶ ሕክምና ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ የጥማቱ ነገር ነው። ሽንት የሚፈስሳት ሴት እንዳይበዛባት ስትል ውኃ ትተዋለች። ያኔ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይብሳል፣ ቆዳዋን ይልጣል፤ ለመሸሸግ ያደረገችው መልሶ ያጋልጣታል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሰጣት ምክር ግን ተቃራኒው ነው፦ ጠጪ፣ አብዝተሽ ጠጪ። ሽንቱ በቱቦ ይወርዳል፣ ፊኛው ይታጠባል፣ ቁስሉ ፋታ አግኝቶ ይጠግጋል። እንግዲህ ለዓመታት የሸሸችውን ውኃ፣ ገና ሕመሙ ሳይበርድላት፣ ብርጭቆ በብርጭቆ መጨለጥ አለባት! ከዚህ የበለጠ ድፍረት አላውቅም።

ቀዳዳው በአንድ ጠዋት ይደፈናል። ከሰው ርቆ መቀመጥ፣ በር በሩን መምረጥ፣ ሳይጠሩ አለመቅረብ ግን በመርፌና በክር አይለቅም። ሕመሙ ከሄደ በኋላም እነዚህ ጠባይ ሆነው ይቀራሉ፤ ሰው ደግሞ ጠባዩን «እኔ» ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ የዳነች ሴት «እንግዲህ ምን ቀረሽ?» ስትባል እሰጋለሁ። ብዙ ይቀራል።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን አሰብኩ። በልጅነታቸው የፊስቱላ ታካሚ ሆነው ሃምሊኖች ዘንድ መጡ፤ አልጋ ከማንጠፍ ተነሥተው፣ የቀለም ትምህርት ሳይኖራቸው፣ ፊስቱላ የሚጠግኑ ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ የተማሩ ሐኪሞችንም አሠለጠኑ። ጉዳታቸው ሙሉ በሙሉ ያልተጠገነላቸውም አሉ። አዲስ አበባ አጠገብ ያለው ደስታ መንደር መጀመሪያ ለእነርሱ መኖሪያ ነበር፤ ኋላ ሙያ ተምረው ራሳቸውን የሚችሉበት ሆነ። ያልዳነችን ሴት «መዳን አልፈለገችም» የሚል ሰው ቢገጥመኝ አልታገሠውም፤ እሷም ብትሆን ከበሽታዋ የሚበልጥ ኑሮ ይገባታል።

ቡና አፍዪዋ ለየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ዘጌ ልትሻገር ትዘጋጃለች። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ የዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሴትም ክፍት ነው። በሕመሟ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ተሳልማ ነበር የምትመለሰው። ዘንድሮ ገብታ ልታስቀድስ፣ ያንን በሥዕል የተሞላ ግድግዳም ልታይ ነው።

«ጀልባው ላይ የት ትቀመጫለሽ?» አልኳት።

«መሐል ነዋ! ከእናቴና ከአክስቴ መካከል። ሥራ ከሌለሽ አብረን እንሻገር፣ እቴ።»