የቴሌቪዥን ከፍታ

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምር መሣሪያው ወፍራምና ከባድ ስለ ነበር በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን ስስ ሆኖ በግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል፣ ከፍታውን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው።

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ኮር ዊሊያም በተባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቴሌቪዥን ቢገዛ፣ በምግብ ቤት እንዳየው ወደ ጣሪያው አስጠግቶ መስቀል ያምረው ይሆናል። በምግብ ቤት ከፍ ማለቱ የሚቆመውና የሚያልፈው ሰው እንዳይጋርደው ነው። በመኖሪያ ቤት ግን ተመልካቹ ተቀምጦ ስለሚያይ፣ የአገሩ ዜና እስኪያልቅ አንገቱን ቀና አድርጎ መቆየት ግድ ይሆንበታል። ወደ ላይ የሚመለከት ዓይንም ቆቡ ይበልጥ ስለሚገለጥ ቶሎ ይደርቃል። ይህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ አንድ ሰው በሶፋው ላይ ተደላድሎ ይቀመጥና ከወለሉ እስከ ዓይኑ ያለው ርቀት ይለካ። ርቀቱ 105 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የቴሌቪዥኑ መካከል በዚያው ልክ ይዋል። የባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ቁመት 54 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 78 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል።

በቤቱ ውስጥ በበርጩማ የሚቀመጡ አያት ካሉ ደግሞ ከዚህም ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። በሶፋ ላይ ያለው ጎልማሳ በጥቂቱ ቁልቁል ቢያይ አይጎዳም፤ እርሳቸው ግን ማታ ማታ ሽቅብ ሲያዩ አንገታቸውን ያማቸዋል። ልኬቱ የሚጀመረውም ከእርሳቸው መቀመጫ ነው።